እማሆይ አመተሥላሴ የሸሹት

እማሆይ አመተሥላሴ ከመመንኮሳቸው በፊት አማከለች ይባሉ ነበር። ከቀየት ወጣ ብላ ባለች የመንዝ መንደር ሁለት በሬ፣ ሠላሳ ያህል በጎችና አንዲት ልጅ ነበሯቸው። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል። ልጃቸው እስከዳር ወደ ዘመሮ ተድራ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጣች።

ምጡ ሐሙስ ንጋት ላይ ጀመራት። ሲመሽ ጎረቤቶች «ቃሬዛ እናዘጋጅና መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ እናድርሳት» አሉ።

«እኔ እሷን ስወልድ ሁለት ቀን አይደል ያማጥኩት?» አሉ እናቷ። «የመጀመሪያ ነው፤ ትታገሥ።»

ዐርብ ረፋድ ላይ ሴት ልጅ ተወለደች። ደሙ ግን አልቆም አለ። ያኔ ቃሬዛው ተነሣ። የመሐል ሜዳ ቆርቆሮ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ፣ ከፊት የተሸከሙት ሰዎች ቆሙ። አንዳቸውም ዞረው አማከለችን ማየት አልቻሉም።

ከልጃቸው አርባ በኋላ አማከለች በሬዎቹንና በጎቹን ለወንድማቸው ሰጡ። ሕፃኗን ትሕትናን የአባቷ እናት ጥሩሸዋ ወደ ዘመሮ ወሰደቻት። የነፍስ አባታቸው አባ አትናቴዎስ «ኀዘኑ ጥቂት ይብረድልዎ፤ ቆብ የትም አይሄድም» ብለው ነበር፤ አልሰሙም። መነኮሱ፤ አመተሥላሴ ተባሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለች ጎጆ ገቡ።

ጎጆዋ ውስጥ አንድ ቁርበት፣ አንድ ድስት፣ አንድ ቅልና አንድ ዳዊት ብቻ ነበር። እማሆይ የሚሠሩትን ሁሉ በዝግታ ይሠሩታል። ውኃ ሲቀዱ ውኃውን ብቻ ያያሉ። በሶ ሲበጠብጡ ጣታቸው የሚነካውን ብቻ ያስባሉ። የመንደሩ ሴቶች እየመጡ ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡና፣ «እማሆይ፣ እንዴት ነው እንዲህ አሳብዎ የሚሰበሰበው? እኛ ስንጸልይ ልባችን በግ ስትቆጥር ትውላለች» ይሏቸዋል።

«ሲያንስ ይቀላል። የሌለሽ ነገር አያባክንሽም» ብለው ይመልሳሉ።

ሴቶቹ ተጽናንተው ይሄዳሉ። እማሆይ ግን የሚያውቁት ሌላ ነበር። ዓይናቸውን ከውኃው ካነሡ ያቺ «ትታገሥ» ያሏት ቃል ትመጣለች። ስለዚህ አያነሡም። ሕፃኗንም እንዲያመጧት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም። ልጃቸውን የገደለቻት እሷ ትመስላቸው ነበር፤ አይደለችም እንዳይሉ ደግሞ የሚቀረው ጥፋተኛ ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት በልጉ ቀረ። ለዘር የተቀመጠው ገብስ ሳይቀር ተበላ፤ የመንደሩ በጎች አጥር ሥር ወደቁ። ግንቦት ውስጥ አንድ ቀን ጥሩሸዋ ከዘመሮ በእግሯ መጣች። ከእማሆይ በዐሥር ዓመት ታንሳለች፤ ያን ቀን ግን የምትበልጣቸው ትመስል ነበር። ሆዷ አብጦ፣ ፊቷ ገርጥቶ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጅቷን ጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁ፤ አዝዬ መውጣት አልቻልኩም» አለች። «እማሆይ፣ እኔ አልቆይም። ሐኪሙ ጉበትሽ ነው ብሎኛል። ልጄ፣ አባቷ፣ ደብረ ብርሃን ለቀን ሥራ እንደወረደ ወሬው ጠፍቷል። ትሕትናን ይውሰዱልኝ።»

እማሆይ ቅላቸውን አስቀመጡ። «እኔ ዓለምን ንቄ የወጣሁ ሰው ነኝ» አሉ። «ልጅ ማሳደጊያ የለኝም። ምንም የለኝም።»

«ምንም እንደሌለዎት አያለሁ።»

«እግዚአብሔር ያውቅላታል።»

ጥሩሸዋ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። «የምን ዓለም ነው የናቅሽው አማከለች?» አለች፤ አንቱታውም የምንኩስና ስሙም ጠፋባት። «የናቅሽው ይቺን ልጅ ነው። በሬ መስጠትማ ማንም ይሰጣል። እኔም ልጅቷን ትቼ ቆብ ባደርግ ደስ ይለኝ ነበር። ማን ይያዛት?»

ሄደች። ቁልቁለቱን ስትወርድ ሦስት ጊዜ ዐረፈች። እማሆይ እስክትሰወር ድረስ ቆመው አዩዋት፤ አልተጣሩም።

ከዚያ ቀን በኋላ አሳባቸው እንቢ አለ። ውኃ ሲቀዱ ቅሉ ሞልቶ ይፈሳል። ዳዊቱን ገልጠው አንዱን መስመር አምስት ጊዜ ያነባሉ። በአራተኛው ቀን አባ አትናቴዎስ ዘንድ ሄደው እግራቸው ሥር ወደቁ።

«አባ፣ ቆቡን ያውልቁልኝ። እኔ መነኩሴ አይደለሁም፤ ሌባ ነኝ። እዚህ ተደብቄ ነው።» ቃሬዛውን እንዴት እንዳስቀሩት ያን ጊዜ ነገሯቸው፤ እስከዚያ ቀን በንስሐ እንኳ አልተናገሩትም ነበር። ጥሩሸዋንም እንዴት እንደመለሷት ነገሯቸው።

አባ ደግፈው አነሧቸው። «ቆቡን ማን ያውልቁ አለዎት?» አሉ። «እንዳደረጉት ይሂዱ። ንስሐዎን ልጅቷ ዘንድ ሆነው ይፈጽሙታል። አሁን ይሂዱ፤ ደግሞ እንዳይረፍድ።»

ያን ዕለት ዘመሮ ገቡ። ጥሩሸዋ መደቡ ላይ ተኝታለች፤ ትሕትና ጉያዋ ውስጥ ናት። ልጅቷ ከሲታ ናት፤ አንገቷ የእናቷ አንገት ነው። ጥቁር የለበሱ፣ ቆብ ያደረጉ ሴት ሲገቡ አይታ ጮኸች።

«መጣሁ» አሉ እማሆይ።

«ደግ አደረግሽ» አለች ጥሩሸዋ።

እማሆይ የእርዳታ ስንዴውን ጠጠር ይለቅማሉ፤ አጥሚት ያፈላሉ፤ በሽተኛዋን ያጥባሉ። ልጅቷ ከእጃቸው አልበላ አለች። አጥሚቱን ጥሩሸዋ ናት የምታጠጣት፤ ስኒውን እማሆይ ከሥር ይደግፋሉ። በዐሥራ ሰባተኛው ቀን ጥሩሸዋ ሞተች።

ከቀብር ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ትሕትና «እማ! እማ!» እያለች ወደ ባዶው መደብ ሮጠች። ብርድ ልብሱን ገለበጠች። ከመደቡ ጎን አጎንብሳ አየች። ከዚያ ወደ እማሆይ ዞራ፣ «እማ የት?» አለች።

ለቀስተኞቹ ሴቶች «‹አይዞሽ፣ ትመጣለች› ይበሏት እንጂ፣ እማሆይ» ብለው ጎተጎቱ።

እማሆይ መሬት ላይ ተቀመጡ። «አትመጣም ልጄ» አሉ። «የወለደችሽም አትመጣም። እኔ ነኝ ያለሁት።»

ልጅቷ በሁለት እጇ ፊታቸውን መታች። ቆቡ ወደቀ። እማሆይም እጇን አልያዙም፤ እየመታቻቸው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጮክ ብለው አለቀሱ። ልጅቷ ደንግጣ ቆመች፤ ቆይታ እሷም አብራቸው አለቀሰች። ውጭ ሰማዩ እንደ ጠራ ነበር። ክረምቱ ይግባ አይግባ የሚያውቅ አልነበረም።