የአሥራ ስድስቱ አይጦች ጅራት

ሙላቱ ግትር ነው። ሐኪሙ «ሆድህ ውኃ መያዝ ጀምሯል፣ ሥራህን ቀንስ» ሲለው እሱ ስለ አይጦቹ ነበር የሚያወራው። ጉበቱን ቫይረስ ሲበላው ስንት ዓመቱ! ከደብረ ብርሃን ጅግጅጋ ከመጣ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ በሽታውንም ሳያውቀው ይዞት ነው የመጣው። ሲያውቀው ጉበቱ ጠጥሮ ነበር። መድኃኒቱ የቀረውን ያቆይ እንደሆነ እንጂ የሄደውን አይመልስም ብለው ቁርጡን ነግረውታል።

ከከተማው ወጣ ብላ ባለች አንዲት ትንሽ የምርምር ቤት የሚሠራው ደግሞ፣ ጉድ እኮ ነው፣ በዚያው በራሱ ጣጣ ላይ ነበር። በደማችን ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ተዋጊዎች አሉ። ሴል ውስጥ የተደበቀውን ቫይረስ አያዩትም፤ የተያዘው ሴል ግን የቫይረሱን ቁራጭ ወደ ውጭ አውጥቶ ያሳያቸዋል፤ ያን ጊዜ ያውቁታል፣ ሴሉን ከነጉዱ ይገድሉታል። ሙላቱ ይህን አይጦቹን ለምትንከባከበው ለሂባቅ ሲያስረዳት፣ «የቶጎጫሌ መንገድ ኬላ በይው፤ ፈታሹ ጭነቱን ሁሉ አያራግፍም፣ ከሸራው ሥር ብቅ ያለችዋን የኮንትሮባንድ ጨርቅ አይቶ ነው የሚያስቆመው» አላት።

«ሁሌ ያስቆማል?» አለችው እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። ውጊያው ወራት ሲፈጅ ቲ ሴሎቹ ይደክማሉ። ጠላታቸውን እያዩት፣ እያወቁት፣ እጃቸውን አያነሡም። የእሱም እንደዚያ ናቸው።

የደከሙትን ይቀሰቅሳል የተባለ መድኃኒት ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን መጣ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለስምንት አይጥ የሚበቃ። ሌላ አይመጣም፤ ፕሮጀክቱ ሰኔ ላይ ይዘጋል። «ለእኔ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ የደከመ መነሣት ይችል እንደሆነ ብቻ ዐይቼ ልሙት» አላት ለሂባቅ። ቫይረሱ ከከረመባቸው አሥራ ስድስት አይጦች ስምንቱን መድኃኒቱን ወጋቸው፣ ስምንቱን ውኃ። ለያይቶ ማኖር ውጤት ያዛባል ብሎ በየሣጥኑ ቀላቀላቸው፤ መድኃኒት የተወጉትን ጅራታቸውን ቀይ ቀባ። የላቦራቶሪው ማርከር አልቆ፣ ግዢ ክፍል «በሂደት ላይ ነው» እያለ ስላሰለቸው፣ ቶጎጫሌ ሄዶ ራሱ ነበር የገዛው። ነጋዴው «ወላሂ አይለቅም!» አለው። ቤቱ ወስዶ እጁ ላይ ቀብቶ በሳሙና ፈተገው፤ እውነትም አልለቀቀም።

ደም የሚወሰድበት ሳምንት ሲደርስ ሙላቱ ሆዱ ተነፍቶ ሆስፒታል ገባ። አምስት ቀን ተኛ፣ ፈሳሹን ቀዱለት። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ደወለላት።

«ሂባቅዬ፣ መጣሁ። ብዙ መቆም አልችልም፤ ጅራታቸውን በአልኮል ጥርግርግ አድርገሽ ጠብቂኝ። ደሙን በእጄ ነው የምወስደው።»

ሂባቅ ሥራ ላይ የተባለችውን ታደርጋለች። ጥጧን እየነከረች አሥራ ስድስቱንም ጠረገች። ቀዩ ቀለም ከጥጡ ጋር ሲመጣ አየችው፤ ዛሬ ማለቂያው ስለሆነ ምልክቱ ከእንግዲህ የማያስፈልግ መሰላት። ሙላቱ በባጃጅ ደርሶ የመጀመሪያውን ሣጥን ከፈተ። ሁለተኛውን ከፈተ። ሁሉም ጅራት ንጹሕ ነው።

«ቀዩስ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ጥረጊ ያልከኝ?»

በሳሙና ፈትኖ በአልኮል ያልፈተነው ማን ሆነና! ሃያ ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ ኖሮ! ራሱን ረገመ። ከዚያ ተቀምጦ የአሥራ ስድስቱንም ደም ወሰደ።

በማግስቱ ውጤቱ ወጣ። ሰባቱ ደማቸው ከቫይረሱ ጸድቷል። ያለ መድኃኒትም ጊዜ ሲረዝም የሚጸዳ አይጥ አለ። እነዚህ ሰባቱ የተወጉት ይሁኑ፣ ያልተወጉት፣ ወይ ከሁለቱም የተደባለቁ፣ የሚናገር ነገር ምድር ላይ የለም።

«ሰባት ዳኑ?» ሂባቅ እጇን አጨበጨበች። «አልሐምዱሊላህ! መድኃኒቱ ሠራ ማለት ነዋ! አንተም ትድናለህ፣ ሙላቱ!»

«እንጃ፣ ሂባቅ።» ሣጥኑን ወደሷ ገፋው። «እስቲ እይልኝ። ቀይ የነበረ አንድ እንኳ ትዝ አይልሽም?»

ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። «ሁሉም አንድ ናቸው» አለችው ቀስ ብላ፤ ምን እንዳደረገች የገባት ገና ያን ጊዜ ነው። አለቀሰች።

«ተይ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ» አላት። ዓርብ ሁሉም ይገደላሉ፣ ደንቡ ነው። ጋዋኑን ሊቆልፍ ሲሞክር የሆዱ ቁልፍ አልደርስ አለው፤ ውኃው መመለስ ጀምሯል።