ሁለት የግራ ጫማ

የፊልም ዳይሬክተሩ እናት ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም። ቤቷ ሲቃጠልም፣ ድንበር ላይ ሻንጣዋን ገልብጠው ሲበረብሯትም፣ መጠለያ ውስጥ ለዱቄት ተሰልፋ ስትገፈተርም ዓይኗ ደረቅ ነበር። “ያላቸውን ሁሉ አድርገውብኛል፤ እንባዬን ግን አላዩዋትም” ትላለች። ከዚያ ሁሉ ንብረት ተርፎ የቀራት ይኸው ነው፤ እሷም እንደ ወርቅ ጠብቃዋለች።

ስደቷን ስታወራ የምትጀምረው ከጫማዋ ነው። ተኩሱ ሲቀርብ በድንጋጤ ከበሩ ጀርባ አፈፍ አድርጋ የወጣችው ጫማ ሁለቱም የግራ ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ የእህቷ። “ድንበር እስክንደርስ እግሬ ወደ ግራ እየጎተተኝ፣ ዞሬ ዞሬ እዚያው ቤቴ እንዳልገባ ነው የፈራሁት!” ትልና ሆዷን ይዛ ትንከተከታለች። ሰሚው ሁሉ አብሯት በሳቅ ይፈርሳል።

ልጇ ካሜራ ያነሳው ይህን ሳቅ ሊቀርጽ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። በስደት አገር ለሠርግ ቀራጮች ገመድ ሲጎትት አደገ፤ የሰው ማስታወቂያ ሲቆርጥ ሲቀጥል ጎለመሰ። በኋላም የራሱን ሁለት ፊልሞች ሠራ። አንደኛው ተኳርፈው በአንድ ሱቅ ውስጥ ስለሚሠሩ ወንድማማች ቁልፍ ሠሪዎች ነበር። ማንም ዞር ብሎ አላየለትም። ባለገንዘቦች ፊት በቀረበ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ “የት ነው ያደግከው?” “መጠለያ” ሲላቸው ዓይናቸው ይበራል፤ ቁስል እንዳገኘች ዝንብ እጃቸውን ያፋትጋሉ።

ከእነዚህ አንዷ የእናቱን ታሪክ ልታሠራው ተስማማች። ይህቺ ፕሮዲውሰር እጇን ደረቷ ላይ ጭና በረጅሙ እየተነፈሰች ስለምታወራ እናትና ልጅ “እህህ” የሚል ስም አውጥተውላታል። ይሄኛው ፊልም ከተሸጠ ቀጥሎ የሚፈልገውን፣ ለዓመታት ያለመውን የአጭበርባሪ ቧንቧ ሠራተኛ ኮሜዲ እንደምታሠራው ቃል ገባችለት። እሱም በበኩሉ ለእናቱ ቃል ገባ።

“ሰው ፊት እንዳታስለቅሰኝ” አለችው እናቱ።

“እንደሳቅሽ ነው የምትታዪው፣ እማ። እኔ እያለሁ ማን ነክቶሽ!”

ፊልሙ ተቀርጾ አርትዖት ክፍል ሲገባ ግን እህህ ከኋላው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“ሰው እንዲህ ያለ ነገር ደርሶበት ይስቃል እንዴ? ተመልካቹ ይደናገራል።”

“እሷ ትስቃለቻ!”

“እኔና አንተማ እናውቃለን። ተመልካቹ ግን የመጣው ሊያለቅስ ነው።”

ሳቋ ተቆርጦ ወጣ። በቦታው ዝናብ የሚወርድበት መስኮት ገባ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ንግግሯን በስደት አገሩ ቋንቋ የምታነብ ተዋናይትም ተቀጠረች። ተዋናይቷ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ማር ላሰች፣ ከዚያ የጫማውን ነገር እየተንሰቀሰቀች አነበበችው። ስትጨርስ ፈገግ ብላ፣ “ልድገመው? ከፈለጋችሁ ትንሽ ንፍጥ ልጨምርበት እችላለሁ” አለች።

ዳይሬክተሩ ልጅ ሊናገር አፉን ከፈተ። ቧንቧ ሠራተኛው ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ የሱ አፍ ግን ዝንቧ ከገባች በኋላ ነው የተዘጋው።

ፊልሙ በሚመረቅበት ቀን እናቱ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ አዲስ ጫማ ተጫምታ መጣች። አዳራሹ መግቢያ ላይ የመስታወት ሣጥን ቆሟል፤ ውስጡ ጭቃ የለበሰ፣ አፍንጫው የተገጠበ ጫማ አለ። የቁሳቁስ ባለሙያው ከሱቅ ገዝቶ ሻይ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ያስረጀው ነው። እንግዶቹ ከበውት በመስተንግዶው ቅባት የጠገበ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እናቱ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ያንቺ ጫማ ነው… ለማሳያ ብለው የሠሩት።”

“የኔ? አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ የግራና የቀኝ ነው!” ሳቋ አመለጣት።

እህህ ጆሮው ሥር ተጠጋች። “ሁለት የግራ ብናስቀምጥ ሰው ስህተት ይመስለዋል ብለን ነው” አለችው። ትንፋሿ እርጥብ ነበር።

መብራት ጠፍቶ ፊልሙ ጀመረ። እናቱ የአገሩን ቋንቋ ለገበያና ለሐኪም ያህል ታውቃለች፤ ለቅሶ ለመለየት ደግሞ ቋንቋ አያስፈልግም።

“ማናት ይቺ የምታላዝነው?” ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው።

“ያንቺን ንግግር የምትተረጉም ናት።”

በጨለማው ውስጥ አዳራሹ ሙሉ አፍንጫ ይናፈጣል። ከእናቱ ኋላ የተቀመጠ የማታውቀው ሰውዬ እጁን ሰዶ ትከሻዋን ደባበሳት፤ ቀሚሷ ላይ የቅባት ጣት ተወላት። ዳይሬክተሩ አይቶ ዓይኑን ወደ ፊልሙ መለሰ።

ፊልሙ ሲያልቅ እናትና ልጅን መድረክ ላይ አወጧቸው። ማይክሮፎን ሲሰጧት ደስ አላት። አሁን ራሴ አስተካክለዋለሁ ብላ ነው። የጫማውን ነገር ከነሳቁ፣ ከነእጇ ውዝዋዜ፣ እንደ ልማዷ አወራችው። መድረኩ ላይ የቆመው አስተርጓሚ ግን ፊልሙን አይቷል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድምፁን አለዝቦ፣ “እግሬ ‘ወደ ቤቴ መልሺኝ’ እያለ ይለምነኝ ነበር ይላሉ፣ እናታችን” አለ።

አዳራሹ አለቀሰ። “አይዞሽ!” የምትል ሴት ከፊት ተነሣች።

እናቱ ወደ ልጇ ዞረች። “ምን ሆነዋል? ንገራቸው እንጂ! አንተ ታውቀው የለም?”

ያውቀዋል። ሁለቱንም ቋንቋ ያውቃል፤ የራሱ ማይክሮፎንም እጁ ላይ ነው። ከፊት ወንበር እህህ፣ ከጎኗ ለቧንቧ ሠራተኛው ኮሜዲ ገንዘብ የሚያወጣው ሰው፣ ሁለቱም መሐረብ ይዘው ያዩታል።

“እናቴ” አለ በአገሩ ቋንቋ፣ “ስላለቀሳችሁላት ታመሰግናለች።”

ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ያን ያህል ቋንቋ እሷም አታጣም። የያዘችውን ማይክሮፎን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

አውቶቡስ ፌርማታ አግዳሚ ላይ ደረሰባት። ፀሐዩ ገና አልበረደም። ሊነካት እጁን ሲዘረጋ ትከሻዋን ሸሸት አደረገች።

“ካሜራ ይዘሃል?”

“አልያዝኩም፣ እማ።”

“ማልልኝ።”

“እናቴ ትሙት!” ብሎ ማለላት፤ ሌላ መሐላ አልመጣለትም።

“ስልክህንም አምጣ።”

አውጥቶ ሰጣት። አጠፋችውና ከጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችበት።

“አሁን ፊትህን ወዲያ አዙር።”

አዞረ። መኪኖቹን እያየ ከኋላው ሰማት። ጆሮው ወዲያው ሥራውን ያዘ፤ ተዋናይቷ ካሰማችው ለቅሶ ጋር በምንም እንደማይመሳሰል ለየ። ይህን በመለየቱ ጆሮውን ቆርጦ መጣል አማረው።