ባዶው ወገን ወደ ውጭ

«ትናንት ማታ ስመጣ እዚህ ክምር ላይ ነበር ያስቀመጥኩት» አሉ አቶ ዶላሞ። ጠረጴዛው ላይ ክምር የሚባል ነገር አልነበረም።

ልጃቸው ሊድያ በእጇ ያለውን ኮከብ የመጨረሻ ጫፍ አጥፋ ሳፋው ውስጥ ጣለችው። ሳፋው በነጭ የወረቀት ኮከብ ሞልቷል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ የታናሽ እህቷ የሐና ሰርግ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀመራል።

«ምን ነበር፣ አባዬ?»

«መዝሙሩ ነዋ። የሽማግሌዎቹ ስም ያለበት።»

ሊድያ ሳፋውን አየች፤ ከዚያ ቢላዋዋን።

ክምሩን ባሏ ሚልክያስ ነው ከመሥሪያ ቤቱ ሊጣል ሲል ያመጣላት፤ የድሮ ቃለ ጉባኤ፣ የተሰረዘ ሪፖርት፣ አንድ ወገኑ የታተመበት፣ ሌላው ባዶ። ባዶውን ወደ ላይ አድርጋ እያንዳንዱን ገጽ ስድስት ካሬ ትቆርጠዋለች፤ ስታጥፍ ጽሕፈቱ ውስጥ ይቀራል። አታነበውም። አባቷ ደግሞ ከመንደር ሲደርሱ የወረቀት ቦታ ይሄ ነው ብለው፣ ማንም ቀድሞ እንዳያነበው ጽሕፈቱን ወደ ታች ደፍተው፣ የራሳቸውን በላዩ አኑረውበታል።

በእጮኝነቱ ቀን ከሙሽራው መንደር ከካኮ ከመጡት ዘጠኝ ሽማግሌዎች የአንደኛው ስም ሰላምታው ላይ ተዘለለ። ሰውየው ተነስተው ሄዱ፤ ሰርጉ አምስት ወር ተገፋ። አቶ ዶላሞ ሁለት ጊዜ ካኮ ተመላልሰው ማን ማንን ተከትሎ እንደሚጠራ ተስማሙ። ዕድሜ ብቻ አልነበረም፤ ዝምድናም ቂምም ነበረበት። የተስማሙበትን በአሪ ቋንቋ መዝሙር አድርገው፣ በአንድ ገጽ ላይ እንደ መዝሙር መጽሐፍ በሁለት ዓምድ ጻፉት።

«በቃልዎ አይወጡትም?» አለች ሊድያ።

«ሰዎቹንማ አውቃቸዋለሁ። የጠፋኝ ተራቸው ነው።»

«ደውለን እንጠይቃቸዋ» አለ ሚልክያስ፣ በሩ ላይ ቆሞ።

አቶ ዶላሞ ዞረው አዩት። «ረሳኋችሁ ልበላቸው?»

ሚልክያስ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ሊድያ ኮከቦቹን መፍታት ጀመረች። በሳፋው ውስጥ ሁለት መቶ ያህል አሉ። ለማጠፍ ሁለት ደቂቃ የፈጀባት በአንድ ትንፋሽ ይፈታል፤ የተፈታው ግን ተመልሶ ኮከብ አይሆንም።

«ከዚህ ሁሉ ስድስት ብቻ» አለ ሚልክያስ አጠገቧ ተቀምጦ። «ከሎተሪ ይሻላል።»

«አፍህን ትተህ በእጅህ ፍታ።»

አንዱን ዘረጋ። «‹አጀንዳው በይደር ታልፏል።› ይህን ስብሰባ አውቀዋለሁ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

አቶ ዶላሞ ይቀመጣሉ፣ ይነሳሉ፣ መስኮቱ ጋ ሄደው ይመለሳሉ። ውጭ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ሊድያ ቀና ትላለች። አምስት ሰዓት ሲሆን ስልሳ ፈትታ ያገኘችው ሁለት ነው።

ሁለተኛውን ካሬ ጠረጴዛው ላይ ስታቃና አውራ ጣቷ በባዶው ወገን ላይ ሸካራ ነገር ነካ። አባቷ እርሳሱን እንደ ማረሻ ተጭነው ነው የሚጽፉት፤ ፊደሉ በጀርባ ይዳሰሳል። የታተመው ግን ልሙጥ ነው። ይህን ያወቀችው ስልሳ ኮከብ ካበላሸች በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ አልፈታችም። ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን በጣቶቿ መሐል አሸች። ሦስተኛው ተገኘ፣ አራተኛው፣ አምስተኛው። ሳፋውን ሁለት ጊዜ ዳሰሰችው፤ ስድስተኛው የለም።

አምስቱን ካርቶን ላይ በፕላስተር ለጠፉ። በስተቀኝ ታች ያለው ቦታ ባዶ ቀረ። ሰባት ስም ይነበባል።

«የቀሩት ሁለቱ እነማን ናቸው?»

«እኚያ ተነስተው የሄዱት፣ እና የአጎታቸው ልጅ።»

«ማን ይቀድማል?»

አቶ ዶላሞ ግንባራቸውን አሹ። «ሰውየው መጀመሪያ ‹ኋላ መጠራት ውርደት ነው› አሉ። ቀጥለው ‹መዝጊያ መሆን ክብር ነው› አሉ። በየትኛው እንደ ጨረስን ነው እኮ የጠፋኝ።»

«ብዙወርቅ የወሰደችው ገመድስ?» አለ ሚልክያስ።

ጎረቤታቸው ብዙወርቅ አዳራሹን ልታስጌጥ ማልዳ ስትሄድ፣ በገመድ የተሰኩ አርባ ኮከቦች ይዛ ነበር።

ልብስ ቀይረው አዳራሹ ሲደርሱ ሰው መግባት ጀምሯል። ገመዱ ከፊተኛው ወንበር በላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ዘጠኙ ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። ሊድያ ጫማዋን አውልቃ ከኋላቸው አግዳሚ ላይ ወጣች፤ ከዳር ጀምራ አንድ በአንድ መዳሰስ ያዘች።

«ልጄ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ እኚያ ተነስተው የሄዱት፣ አንገታቸውን አዙረው።

«የላላ ካለ ልይ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«የላላ የለም። ከመጣሁ ጀምሮ እያየሁት ነው።»

መዳሰሷን ቀጠለች። መዘምራኑ ለመዝሙሩ ቆሙ፤ አቶ ዶላሞ ካርቶኑን ይዘው ወደ መድረኩ ወጡ። የመጀመሪያው ስም ተጠራ፤ ሁለተኛው። ሦስተኛው ሲጠራ አውራ ጣቷ ሸካራውን አገኘ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፤ በግድግዳው ጥግ ባዶ እግሯን ሮጠች።

ስድስተኛው ስም ሲጠራ ከአባቷ ኋላ ነበረች። ኮከቡን ስትፈታ አንድ ጫፉ ተቀደደ። ሰባተኛው ተጠራ። አቶ ዶላሞ ዞር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ፤ ካሬውን መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፤ አራቁት። ከፊት ወንበር ሰውየው በትራቸውን ጨብጠው፣ ሊነሳም ላይነሳም እንደሚችል ሰው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

አቶ ዶላሞ የሰውየውን የአጎት ልጅ ጠሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሰውየውን ጠሩ፤ መዝሙሩም በእሳቸው ስም ተዘጋ።

ሰውየው ወደ ወንበሩ መደገፊያ ተመለሱ። ቀና ብለው ገመዱ ላይ የተከፈተችውን ቦታ አዩ።

«ለካ የላላ ነበር» አሉ ለአጎታቸው ልጅ።