በረኛው አልነሣም ያለ ዕለት

በረኛው የምንለው ሰርቨር ከፊት ቆሞ ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ ይቀበልና ከኋላ ላሉት ማሽኖች ያከፋፍላል። እሱ ካልተነሣ የኮሌጃችን ምዝገባ የለም። የሠራሁት እኔ ነኝ። በተመረቀ ዕለት ግን አለቃዬ አቶ እንዳላማው ማይክሮፎኑን ይዘው፣ «ብቻዬን ነው የለፋሁበት፤ ሥራነሽም ሻይ እያቀረበች አግዛኛለች» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ። ያቺን ሳቅ ለራሴ ይቅር ብያት አላውቅም።

ጥቅምት ላይ መብራት ሄዶ በመጣ ማግስት በረኛው አልነሣም አለ። ከጉንደ ወይንና ከደብረ ኤልያስ ለምዝገባ የመጡ ተማሪዎች ጋቢ ተከናንበው ግቢውን ሞልተውታል። አቶ እንዳላማው ያጠፋሉ፣ ያበራሉ፣ ገመድ ነቅለው ይሰካሉ። ዲኑ ዶክተር አካለ ወልድ ከጀርባቸው ቆመዋል።

ከበሩ ሆኜ ስክሪኑን አየሁ። ቀዩን መልእክት ማንበብ እንኳ አላስፈለገኝም፤ ጥጉ ላይ ያለው ቀን በቃኝ። መናገር እችል ነበር። ወጥቼ ሻይ ይዤ ተመለስሁ።

«ይጠጡ አቶ እንዳላማው፣ እንዳይደክምዎ።»

በዚያ ብርድ ግንባራቸው ወዝቷል። «እስቲ እዪው እባክሽ፣ እህቴ።»

«እኔ የማውቀው ሻይ ነው።»

ዲኑ ዞሩ። «ምንድን ነው የምትባባሉት? ማን ነው የሠራው?»

«እርስዎ ይንገሯቸው» አልሁ ወደ አቶ እንዳላማው ዞሬ።

ስኒውን አዩ፤ ወለሉን አዩ። «እሷ ናት» አሉ በሹክሹክታ።

«አልተሰማም» አልሁ። «ያኔ እኮ በማይክሮፎን ነበር።»

«እሷ ናት የሠራችው!»

ያን ጊዜ ወንበሩን ሳብሁ። «ትናንት የማሽኑ ባትሪ አልቆ ቀኑን ይሙሉ ሲልዎ ምን ብለው ሞሉ?»

«ያለንበትን ነዋ! ሁለት ሺህ ስምንት።»

«እሱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ከመነሣቱ በፊት የሰርተፍኬቱን፣ ያው የመታወቂያውን፣ ቀን እንዲያይ አድርጌዋለሁ። የተሰጠው በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነው። እርስዎ በሞሉት ከሄድን ገና አልተሰጠም።»

ቀኑን አስተካከልሁ። በረኛው ተነሣ፤ ከግቢው እልልታ ተሰማ። እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆናል።

«ባይነካም ግድ የለም፤ ሰባት ዓመት ቢታገሡት ራሱ ይነሣ ነበር።»

ዲኑ ሳቁ። በር ላይ የተሰበሰቡት ሠራተኞች ሳቁ። አቶ እንዳላማውም አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ያቺን ሳቅ አውቃታለሁ።

«ሻይዎ ቀዘቀዘ» አልኋቸው። ሌላ ግን አላመጣሁላቸውም።