እግር ያሰረ ውኃ

አብዱልሀኪም በቡሬ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ፣ መንገደኛውን ሁሉ በቀልዱ ይዞ የሚያስቀር ሰው ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን እግሩን መሬት የያዘበት ይመስል እየጎተተ መሄድ ጀመረ። የጀመረውንም ጨዋታ መሐል ላይ ይረሳዋል። ጎረቤቱ «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» አለ። ሚስቱ ሳቢሃም ተቀበለች።

ያልቻለችው የሽንቱን ነገር ነው። አልጋ ላይ ሲያመልጠው፣ ልጃቸው ናጂሃ ሳትነቃ ሳቢሃ ተነሥታ አንሶላውን ታጥባለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ እሷም አይታ እንዳላየች ትሆናለች።

አንድ ማለዳ ናጂሃ እርጥቡን አንሶላ ከእናቷ እጅ ተቀበለቻት። «እማዬ፣ እንግዲህ ሐኪም ይየው» አለች።

ፍኖተ ሰላም ያገኙት ሐኪም ትርሲት የምትባል ወጣት ነበረች። አካሄዱን ደጋግማ አየችና ባሕር ዳር ልካው ጭንቅላቱን ሲቲ ስካን አስነሣችው። ፎቶው ሲመጣ ሳቢሃን አጠገቧ አስቀመጠች።

«እናቴ፣ አንጎላችን ውስጥ ውኃ የሚያመነጩ ክፍሎች አሉ። ግድግዳቸው በዓይን የማይታይ ጸጉር አለው፤ እየተርገበገበ ውኃውን ያንቀሳቅሰዋል። ውኃው አንጎልን አጥቦ ወደ ደም ይገባል። የእሳቸው ግን እንደ ልብ አልሄደም፤ ክፍሎቹ ሰፍተው፣ እግርን፣ ሐሳብን፣ ሽንትን የሚያዘውን ቦታ ተጭነውታል።»

«ጸጉሩ ደክሞ ይሆን?»

«ሊሆን ይችላል፤ በእርግጥ አላውቅም። ውኃው ሲቀነስ ይሻላቸው እንደሆነ ግን እናያለን።»

ውኃው እስከ ጀርባ አጥንት ስለሚወርድ፣ ከወገቡ በመርፌ ቀዳችለት። ውኃው ኩልል ያለ ነበር። ከሰዓት በኋላ «እስቲ ይነሡ» አለችው። ሳቢሃ እንደ ልማዷ ክንዷን ሰጠችው። ትንሽ ተደግፎ ለቀቃትና እስከ መተላለፊያው ጫፍ ሄደ። መዞር ያቅተው የነበረ ሰው ዞሮ መጣ።

«ምን ያስለቅስሻል?» አላት።

«ምንም። ስትዞር አይቼ ነው።»

ኋላ ባሕር ዳር ላይ ውኃውን ከጭንቅላቱ ወደ ሆዱ የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ከቆዳው ሥር ተቀበረለት። አልጋው ደረቀ። የጠፋው ሁሉ ግን አልተመለሰም፤ ዛሬም የሰው ስም ይጠፋዋል፣ ሒሳቡንም ናጂሃ ትይዝለታለች።

ከመጨረሻው ቀጠሮ ሲመለሱ ቡሬ መናኸሪያ ላይ ሳቢሃ ባጃጅ ጠራች። እሱ እምቢ አለ፤ በእግሩ ሊሄድ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ርምጃውን መከተል አቅቷት ከኋላ ቀረች።

«ቀስ በል እንጂ፣ አንተ ሰው!» ብላ ጮኸች። ቆም ብሎ እስክትደርስ ጠበቃት።