ሁለት ሺህ አንድ መቶ ጊዜ የተጠቀሰ ሰው

«…በጠቅላላው ሰማንያ ሦስት የምርምር ጽሑፎችን አሳትመዋል» አለ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ለመታሰቢያው የሕይወት ታሪኩን የጻፈበትን ወረቀት ከዐይኑ ራቅ አድርጎ ይዞ። «ከእነዚህም አንዱ ብቻውን ሁለት ሺህ አንድ መቶ ጊዜ በሌሎች ተመራማሪዎች ተጠቅሷል። እንዴት ነው? እዚህ ጋ ትንሽ ቆም ብዬ ባነበው አይሻልም?»

«ስንቱ እያመሰገነ፣ ስንቱ እየረገመ እንደጠቀሰውም ይጨመርበት» አለች የሟች ሚስት።

ኃላፊው ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ድምፅ አወጣ። ከጎኗ የተቀመጡት የሟች ታላቅ እህት ጉልበቷን ቆንጠጥ አደረጓት።

ሦስተኛው ቀን ነው። ሳሎኑ በኪራይ ወንበር ተጣቧል። ለቀስተኛው ይገባል፣ አንገቱን ደፍቶ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ከዚያ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ በሹክሹክታ ማውራት ይጀምራል። የኮሌጁ ሰዎች ደግሞ የሚያወሩት ቁጥር ብቻ ነው። ላዳመጣቸው ሰውየው የተሾመ እንጂ የሞተ አይመስልም።

ሚስትየው በዚያው ሰው ላብራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት በቴክኒሻንነት ሠርታለች። ብርጭቆውን ያጠበችው፣ ፈሳሹን የለካችው፣ የማሽኑን ጠባይ ችላ የኖረችው እሷ ናት። ከሰማንያ ሦስቱ ጽሑፎች በአሥራ አንዱ መጨረሻ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ላደረገችው የቴክኒክ እገዛ» ተብላ ተመስግናለች። በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። አንጀቷን ያሳረራት ሌላ ነው።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ባሏ ከአንድ ተክል ሥር አዲስ ንጥረ ነገር አገኘሁ ብሎ ጻፈ። ኃላፊውም ሁለተኛ ጸሐፊ ሆኖ ስሙን አስገባ። ጽሑፉ ወጣ፤ ባሏ ፕሮፌሰር ተባለ፤ ለላብራቶሪው አዲስ ማሽን ተገዛ፤ ጋዜጠኛ መጥቶ ፎቶ አነሳው። በወሩ እሷ፣ ማንም ሳያዛት፣ ባዶ ሙከራ ሠራች። ባዶ ሙከራ ተራ ነገር ነው፤ ተክሉን ሳይጨምሩ ሌላውን ሁሉ እንዳለ መድገም። ያው ማፍላት፣ ያው ማጣራት፣ ያው ማድረቅ። ከባዶ ምንም መውጣት የለበትም። ማሽኑ ግን ያንኑ የአዲሱን ንጥረ ነገር መስመር፣ እዚያው ቦታ ላይ ሣለ። ያ ሁሉ የተጨበጨበለት ንጥረ ነገር፣ የብርጭቆዎቹ መገጣጠሚያ እንዳይጣበቅ እሷ በየጠዋቱ በጣቷ የምትቀባው ቅባት ነበር።

ምሳ ላይ ነገረችው። ማንኪያውን አስቀመጠ። «እርግጠኛ ነሽ ወይ?» አላላትም።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው አልሆነም» አለና መብላቱን ቀጠለ።

እሷም ዝም አለች። ባሏም አለቃዋም ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን መጣላት አልደፈረችም። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ስንት ሰው እንደጠቀሰው ያያል። «ዛሬ ስድስት ጨመረ» ይላታል። የጠቀሱት ምን እንዳሉ አንዳንዴ ሰርቃ ታነብ ነበር። ውጤቱን ደግመን ማግኘት አልቻልንም ይላሉ፤ አንዱ፣ ሌላው፣ ሌላው። እሱ ግን «መጠቀስ መጠቀስ ነው» ባይ ነበር።

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እኮ ይቀላት ነበር። በታመመች ጊዜ አሥራ ሁለት ቀን የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ያደረ፣ ብርቱካን ነጭ ሽፋኑን ሳይቀር ልጦ ያጎረሳት ሰው ነው። እሱን ስታስብ ትናፍቀዋለች፤ ወዲያው ደሟ ይፈላል፤ ወዲያው ደግሞ ትናፍቀዋለች።

ትናንት፣ በሁለተኛው ቀን፣ አንዲት የባሏ የቀድሞ ተማሪ መጥታ ነበር። በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሻይ ሲሰጧት «ይቅርብኝ» አለች፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ «እግዜር ያጽናዎት» ብላ ወጣች። የሟች እህት «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብለው ጠየቁ።

ተማሪዋ ያ ንጥረ ነገር ለሦስተኛ ዲግሪዋ እንድታጠናው የተሰጣት ልጅ ነበረች። የምትሠራበት የብርጭቆ ዕቃ አዲስና ቅባት የማይፈልግ ስለነበር ሁለት ዓመት ሙሉ ብትደክምም አላገኘችውም። አንድ ቀን መታጠቢያው ጋ ቆማ እያለቀሰች፣ «እትዬ፣ የት ላይ ነው የምሳሳተው?» አለቻት። ሚስትየው እጇ ሳሙና ውስጥ ነበር። «በርቺ፤ ድገሚው» አለቻት።

ድገሚው። እያወቀች። ልጅቷም ደገመችው። በሦስተኛው ዓመት ፕሮፌሰሩ «እጇ ለላብራቶሪ ሥራ አይሆንም» ብሎ ጽፎ አሰናበታት። ይኸው ስምንት ዓመት ቀለም ፋብሪካ ውስጥ አረንጓዴው ከአረንጓዴ መመሳሰሉን ስታይ ትውላለች።

«አንድ መስመር እንዲጨመር እፈልጋለሁ» አለች አሁን ሚስትየው። «ንጥረ ነገሩ ቅባት እንደነበረ፤ ልጅቷም እንዳልተሳሳተች። ባዶ ሙከራውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ደብተሬ ከነቀኑ አለ።»

ኃላፊው ወረቀቱን አጠፈ። ዙሪያውን አየና ዝቅ ብሎ፣ «እባክዎ፤ ላብራቶሪው በስሙ ሊሰየም ነው። የኔም ስም አለበት እኮ» አለ።

«የርስዎ ስም ቢነሳ ምን ይሆናል?»

«ሰው በሞተ በሦስተኛው ቀን!»

«አንቺ ልጅ» አሉ የሟች እህት በተራቸው፣ «ወንድሜን አፈር አልብሰነዋል፤ አሁን ደግሞ ጭቃ ልትቀቢው ነው? ከቀበርነው በኋላ ነው እውነት የመጣልሽ?»

ይህኛው አጥንቷ ድረስ ዘለቀ፤ ልክ ነበሩና። አሥራ ሰባት ዓመት አፏን ዘግታ ኖራ ዛሬ ብትከፍተው ማን ይሰማታል?

በሰባተኛው ቀን በኮሌጁ አዳራሽ መታሰቢያ ተደረገ። ኃላፊው የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ላይ ሲደርስ እንደተመኘው ቆም አለ። ሚስትየው ተነሳች።

«ውሸት ነው» አለች። «ቅባት ነው። እኔ የቀባሁት ቅባት ነው። ተማሪዋ አልተሳሳተችም፤ እሱም ያውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።»

ከአዳራሹ አንዲት ሴት፣ «ውሃ! ውሃ ስጧት!» ብላ ጮኸች። ሁለት ሰዎች ክንዷን ደግፈው አስቀመጧት። ኃላፊው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ፣ «ሐዘኑ ከብዷቸው ነው፤ እንረዳቸዋለን» አለ፤ አጨበጨቡላት። የሕይወቷን ትልቁን ነገር ተናግራ በጭብጨባ አስታገሷት።

ሰው ሲወጣ ተማሪዋ ከኋላ ወንበር ተነስታ መጣች።

«ሰምቻለሁ» አለች።

«ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

«አልልም።» ፊቷ ላይ ቁጣም እንባም አልነበረም። «ድገሚው ብለውኝ ነበር፤ ደገምኩት። አሁን እርስዎ ይድገሙት። አዳራሽ ውስጥ የተወራ ነገር እኛ ዘንድ አይቆጠርም፤ በጽሑፍ ያድርጉት። ያንን ጽሑፍ ላወጣው መጽሔት እልከዋለሁ። ባያወጡትም መድረሱን ይጽፉልኛል።»

አንድ ባዶ ክፍል ገብተው የተማሪ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሚስትየው ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ እያየች ጻፈች፦ ባዶው ሙከራ የተሠራበትን ቀን፣ የቅባቱን ዓይነት፣ የማሽኑን ንባብ፣ ዝም የተባለበትን ዘመን። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም።

«ከላይ የጸሐፊዎቹ ስም ይገባል» አለች ተማሪዋ። «የሚታረመው የፕሮፌሰሩ ጽሑፍ ስለሆነ የሳቸው ይቅደም። የኃላፊውን ይተዉት፤ አይፈርምም።»

የባሏን ስም ጻፈች። «ከሥሩ ማን ይግባ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ። ሙከራውን ማን ሠራው?»

ስሟን ጻፈች። ከጽሑፍ አናት ላይ ጽፋው ስለማታውቅ ፊደሎቹ ተንጋደዱ።

«አንድ ነገር ቀረ» አለች ተማሪዋ፤ ድምጿ ዝግ አለ። «ከስማቸው ጎን ትንሽ የመስቀል ምልክት ይደረጋል። ጸሐፊው በሕይወት የለም ማለት ነው።»

ሚስትየው ብዕሯን ስሙ አጠገብ አሳርፋ ቁልቁል አጭር መስመር አሰመረች። አግድሙ ላይ እጇ እምቢ አላት። ብዕሯን ብትገፋው ወረቀቱ አብሮ ተንሸራተተ።

ተማሪዋ ቀና ብላ አላየቻትም። ወረቀቱ እንዳይሄድ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ያዘችላት። ያኔ አግድሙን አሰመረች።