የውሻው ድርሻ

አቶ ተክለሃይማኖት ሠላሳ ዓመት የሰው በር ጠብቀዋል። አንዲት ምስማር ጎደለች ብሎ የጠየቃቸው የለም። ወንጂ ማዞሪያ አጠገብ ያለው ሰፈራቸው የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የሰጠው ለእሳቸው ነው። ልጃቸው ልዩ፣ “እንደ አባባ እጅ ንጹሕ እጅ የለም” ስትል ሰምተዋታል። በሰሙ ቁጥር እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልዩና ጓደኛዋ ሊዲ በረንዳው ላይ ስልክ መካከላቸው አስቀምጠው ፈረንሳይኛ ያጠናሉ። ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ቆርቆሮው ላይ ይበትናል። ልዩ ማክሰኞ ፈተና አለባት። ከጂቡቲ ጭነት የሚያስመጣ ድርጅት ፈረንሳይኛ የምትችል ጸሐፊ ይፈልጋል፤ የሚፈትነውም አንድ አጭር ታሪክ በቃል አስተርኮ ነው። ሥራ መፈለግ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

በስልኳ የምትማረው ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር ከሚኖሩ ፈረንሳዮች ነው። ስለ ገበያው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ቤት ሠራተኛው የገጠማቸውን ያወራሉ። ከወሬው በታች አዳዲስ ቃላት አሉ፤ መጨረሻ ላይ ጥያቄ። አቶ ተክለሃይማኖት ጥግ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ጆሯቸውን ሰጥተዋል። ቋንቋውን አይችሉም። ነገር ግን አንዲት ሴት ከስልኩ ውስጥ ቀስ ብላ ስታነብ አንድ ስም ለዩ፤ ካራሜል።

ካራሜል ውሻ ነበር። ቡናማ፣ ጥጃ የሚያክል።

“ስለ ምንድን ነው የምታወራው?” አሉ።

“ስለ ዘበኛ ነው አባባ፤ ታሪኩን ይወዱታል። እኛው አገር የኖረች ሴት ናት፤ ከተማውን ግን አልጠራችውም።” ልዩ እያቆመች ተረጎመችላቸው። “ለውሻዋ በየቀኑ አንድ ኪሎ ሥጋ ትገዛለች። ቀቅሎ የሚያበላው ዘበኛው ነው። ውሻው ግን ይከሳል። ሐኪም መጥቶ የትል መድኃኒት ሰጠው። ወፈረ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ከሳ። ሐኪሙም ግራ ገባው።”

“እሺ።”

“ከዚያ የመስቀል ዕለት የዘበኛው ሚስት ድፎ ዳቦ ይዛላት መጣች። ብዙ ነገር ተናገረች። ዘበኛው፣ ‘እንኳን አደረሰሽ ነው የምትለው’ ብሎ አስተረጎመ። ሴትዮዋ ግን ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል ታውቃለች። ልኳንዳ ቤት በየቀኑ የምትላት ቃል ናታ። ይስሙት፣ በእኛው አማርኛ ነው ያለችው።”

ስልኩን መለስ አድርጋ ከፈተችው። ከፈረንሳይኛው መሐል “ሥጋ” የሚለው ጥርት ብሎ ወጣ።

አቶ ተክለሃይማኖት ቀኑን አስታወሱት። ሚስታቸው ሙሉብርሃን ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ፣ “ለልጄ ሥጋ ስለምትልኪላት ዘርሽ ይባረክ” ነበር ያለችው። ማዳም ኦዲል ዳቦውን ተቀብላ ፈገግ አለች። እሳቸው በሆዳቸው፣ ተመስገን አልገባትም አሉ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ አልገባትም እያሉ ኖረዋል።

“ቤት ገባችና” አለች ልዩ፣ “የቀን መቁጠሪያ አወጣች። ለካ ውሻው የሚወፍረው በጾም ነው፤ ሲፈሰክ ይከሳል። ዘበኛው በጾም ሥጋ ወደ ቤቱ አያስገባማ።”

ሊዲ በሳቅ ወደቀች። “ጾም የሚያከብር ሌባ! እኔን ጴንጤ ነሽ ትሉኛላችሁ፣ እሱ ጻድቁ ረቡዕና ዓርብ እጁን ይሰበስባል። የሁዳዴን መግባት እንደዚያ ውሻ የናፈቀ ያለ አይመስለኝም።”

“አላባረረችውም እኮ። በማግስቱ ሁለት ኪሎ ገዛች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በመስኮት እያየችው እሱም ግማሹን ወሰደ፣ ውሻውም ወፈረ።”

“አያፍርም? እኔ ብሆን ከነዱላው ነበር የማስወጣው። ጋሼ፣ እርስዎ ፈረንጅ ቤት ሠርተው የለ? ይኼን ሰውዬ ያውቁት ይሆን?”

“አላውቀውም” አሉ አቶ ተክለሃይማኖት።

እጃቸው ኪሳቸው ገብቷል። “ሌላ ታሪክ የለም?” አሉ።

“ሞልቷል። ግን የሚያስቀው ይሄ ነው። የሚስቅ ሰው ስሕተት አይቆጥርም። ደግሞ ለጥያቄው የምመልሰውን ጽፌአለሁ። ለዘበኛው ምን ትሉታላችሁ ነው የሚለው።” ደብተሯን ገለጠች። “‘የእኔም አባት የፈረንጅ ዘበኛ ነበር። ድሀ ነበርን። አባቴ ግን የሰው ነገር ነክቶ አያውቅም።’ እንዲህ ብዬ እጨርሳለሁ።”

“ያለቅሳሉ፤ ወዲያው ይቀጥሩሻል” አለች ሊዲ።

ሊዲ ባጃጅ ጠርታ ሄደች። ልዩ አረፍተ ነገሯን በፈረንሳይኛ እያነበነበች በረንዳውን ትጠርግ ጀመር። አባቷ የሚሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ፔር፣ አባት ማለት ነው። ደጋግማ አለችው። ማክሰኞ በማያውቋት ሰዎች ፊት ቆማ በእሳቸው ልትምል ነው።

“መጥረጊያውን አስቀምጪው” አሉ።

አስቀመጠች።

“ውሻው ካራሜል ይባላል። ሴትዮዋ ማዳም ኦዲል ናት። ባሏ ለሥራ መልካሳ ይመላለስ ነበር። ዘበኛው እኔ ነኝ።”

ልዩ ቀልድ መስሏት ልትስቅ ቃጣት። ፊታቸውን አይታ ተወችው።

“እማዬስ?”

“የተላከልን መስሏት ነው የሞተችው።”

“ማታ ማታ በጸሎቷ የምታነሣት ፈረንጅ…”

“እሷ ናት።”

ልዩ ጎንበስ ብላ መጥረጊያውን ይዛ ቀና አለች። ምን ልታደርግበት እንደሆነ የጠፋት ትመስላለች። “ማን ነው የበላው?” አለች።

ይህን መናገር አልፈለጉም ነበር። ማሳበቢያ ይመስላል። ግን ተጠየቁ።

“አንቺ። አራት ዓመትሽ ነበር። ሰውነትሽ አልጠና ብሎ ሥጋ አብሏት አሉን። ማዳም ሁለት ኪሎ መግዛት ስትጀምር፣ ውሻው አደገ ብላ ነው አልኩ። ብልጥ የሆንኩ መሰለኝ። ሴትዮዋ ስትሰጠኝ እኔ እሰርቅ ነበር። ወደ አገሯ እስክትሄድ ድረስ እየተደበቅሁ ካፖርቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። እሷ በመስኮት ታየኝ ኖሯል።”

ልዩ ደብተሯን ይዛ ገባች። እራት አቅርባላቸው ራሷ ሳትበላ ተኛች። ሰኞም በመካከላቸው ከደኅና አደሩ ሌላ ቃል አልተገኘም።

ማክሰኞ በጠዋት የእናቷን ነጠላ ለብሳ ሄደች። አቶ ተክለሃይማኖት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። የዕድሩ ሰው ድንኳን ሊወስድ መጣ፤ ቁልፉን ሰጥተው፣ “አንተው ጋ ይቆይ” አሉት። ሰውየው አሟቸው እንደሆነ ጠየቀና ሄደ።

ስምንት ሰዓት ግድም ልዩ ተመለሰች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል፤ በእግሯ ነው የመጣችው።

“ወሰዱሽ?”

“ሐሙስ ግቢ አሉኝ።”

“የቱን ተረክሽ?”

“ያንኑ። ሌላ ለማጥናት ጊዜ አልነበረኝም።”

“ሳቁ?”

“ሳቁ።” የነጠላዋን ጫፍ ትፈትላለች። “የጾሙ ላይ ስደርስ ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ አባባ። ሳቅሁብዎት።”

አቶ ተክለሃይማኖት ወደ ቅያሱ አዩ። አንድ የወንጂ ሚኒባስ አልፎ ሄደ።

“መጨረሻ ላይ ጥያቄው ነበር” አሉ። “ስለ አባትሽ የጻፍሽው።”

“ዘለልኩት።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ናት። ከዚህ በኋላ “ንጹሕ እጅ” የምትለው ሰው የላትም፤ ያሳጧትም እሳቸው ናቸው። እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሲሄድ ያዙት፤ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ልዩ አየችው። እሳቸውም እንድታየው ተዉአት።

ከዚያ አግዳሚው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉላት። ቆማ ቆየች። ኋላ መጥታ ተቀመጠች፤ በመካከላቸው ግን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።